ሲቸግረኝ ያልረሳሁትን አምላክ ሲሞላልኝ እንዴት ረሳሁት?

ባለሱቁ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ይረዝማል ግን እባካችሁ እስከመጨረሻው አንብቡልኝና የምታውቁትን በሉኝ።

ባህርዳር ነው ምኖረው፣ አባይ ማዶ። የሕንፃ መሳሪያ እሸጣለሁ፣ ሚስማር ቆርቆሮ ቀለም፣ ሲሚንቶም ሲገኝ። ከ8 ዓመት በፊት ስጀምር ግን ቅዳሜ ገበያ መሬት ላይ ሸራ ዘርግቼ አሮጌ ማጠፊያና ጓጉንቸር ቁልፍ ነበር ምሸጠው። ያኔ በየጠዋቱ ጊዮርጊስ ኪዳን ሳላደርስ ሸራዬን አልዘረጋም፣ ክረምት ቢሆን ጭቃ ቢሆን። የተሸጠው 60 ብርም ቢሆን ማታ ስቆጥር ተመስገን እል ነበር፣ ከልቤ ነው ምለው።

ባለፈው ሳምንት መጋዘን ስናዛውር አሮጌ ደብተሮቼ ከካርቶን ውስጥ ወጡ። ሽያጭና ዱቤ ምመዘግብባቸው ባለ 50 ሉክ ደብተሮች ናቸው። አንዱን ገለጥ አደረኩት። የመጀመሪያው ደብተር ላይ በየገፁ አናት «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን» ብዬ ሙሉውን ፅፌ ከጎኑ መስቀል ስያለሁ፣ አንድም ገፅ አልዘለልኩም። ሁለተኛው ላይ «በስመ አብ» ብቻ ሆኗል። ሦስተኛው ላይ ፅሁፉ የለም መስቀሉ ብቻ ነው ያለው። አራተኛው ላይ መስቀሉ ጥግ ሄዶ የመደመር ምልክት መስሏል፣ ደብተሩ ግማሽ ጋ ስደርስ እሱም የለም። ቀኑን አየሁት፣ ሚያዝያ ነው፣ የመጀመሪያዋን ትልቅ ጨረታ ያሸነፍኩበት ሰሞን። ከዛ በኋላ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ሠራተኞቹ እቃ እየጫኑ እኔ ካርቶኑ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ፣ ምን ሆነህ ነው ሲሉኝ አቧራ ነው አልኳቸው።

ያቺን ጨረታ ከማግኘቴ በፊት ደሞ የ3 ወር የሱቅ ኪራይ ውዝፍ ነበረብኝ፣ ዘጌ ድረስ ሄጄ ኡራ ኪዳነምህረት ደጅ ተንበርክኬ ይሄ ነገር ከተከፈተልኝ ጥላና ምንጣፍ አገባለሁ ብዬ ተስያለሁ። በ2 ወር ውስጥ ተከፈተልኝ። ስለቱ እስከዛሬ አልገባም፣ 5 ዓመት ሊሆነው ነው። አውቄ አልከለከልኩም፣ በቃ ዛሬ ነገ እያልኩ እዛው ቀረ። እሁድ እሁድ እቃ እናራግፋለን። የንስሐ አባቴ ሲደውሉ «አባ ስብሰባ ላይ ነኝ» እላለሁ፣ ስብሰባ ላይ ሳልሆን።

በዛ ሰሞን እናቴ ጋ ስደውል «ልጄ ዱሮ ስትደውል መጀመሪያ እማ ፀልዪልኝ ነበር ምትለኝ፣ አሁን መጀመሪያ ብሩ ደረሰሽ ወይ ነው» አለችኝ። ተቆጥታ አይደለም እኮ፣ እንዲሁ ነው ያለችው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ሰው ሲቸገር አጥብቆ የያዘውን አምላክ ሲሞላለት ለምንድነው ሚለቀው? ሁለተኛ ደሞ በምን በኩል ነው ሚመለሰው? ስለቱን በእጥፍ ብከፍል ይበቃል ወይ?

ልጅቷ ከሽምብጥ፦

ወንድሜ ደብተሩን ያስገለጠህ እሱ ራሱ ነው፣ መጀመሪያ ለዛ አመስግን። የተረሳው ሰው አንተ ብትሆን ኖሮ ካርቶኑ እንደተዘጋ አይጥ ይበላው ነበር።

ዛሬ ማታ ሱቅ ስትዘጋ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 8ን አንብበው፣ 20 ቁጥር ብቻ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት እያለን ያስጠኑን ነበር ግን ያኔ አልገባኝም ነበር እውነቱን ለመናገር፣ ልጅ ነበርን የጠገበም አልነበረም። ሙሴ ይሄን ሚናገረው ዮርዳኖስን ሊሻገሩ ሞዓብ ላይ ለቆሙ ሰዎች ነው። 40 ዓመት መና በልተዋል፣ ልብሳቸው አላረጀም እግራቸው አላበጠም ይላል። ከፊታቸው ያለው አገር ደሞ ስንዴ ገብስ ወይን በለስ ሮማን ወይራ ማር ያለበት ነው፣ ድንጋዩ ብረት የሆነ ከተራራው መዳብ ሚቆፈርበት። እና «ተጠንቀቅ» ሚላቸው እዚህ ጋ ነው፣ እባብና ጊንጥ ያለበትን በረሃ ጨርሰው እንጀራው አጠገብ ሲደርሱ። ስትበላና ስትጠግብ፣ መልካም ቤት ሠርተህ ስትቀመጥ፣ ከብትህ ሲበዛ ወርቅና ብርህ ሲበዛ ያኔ ልብህ እንዳይኮራ። በረሃ ላይማ እንዴት ይረሱታል፣ ጠዋት መናው ካልወረደ ቀኑን ሙሉ ምሳም እራትም የለም፣ ለዛሬ ብቻ ነው ሚሰበስቡት ያሳደሩት ይተላል። ያንተም ሸራ እንደዛ ነበር፣ የቀኑን በቀኑ። አሁን መጋዘን አለህ፣ ጠዋት ስትነሳ እጅህ ላይ ሚያስጨንቅህ ባዶነት የለም። ለምን ለቀቅኩት ላልከው በኔ እይታ መልሱ ይሄ ነው።

11ኛውን ቁጥር ደሞ ቀስ ብለህ አንብባት። እግዚአብሔርን እንዳትረሳ ይልና መርሳቱ ምን እንደሆነ እዛው ላይ ይናገራል፣ ትእዛዙን ሥርዓቱን አለመጠበቅ ነው ይላል። ስለዚህ ስሙን ከአፍህ ስላልጣልክ አልረሳኸውም ማለት አይደለም። እኛ አገር ማን ነው ስሙን ሚረሳ፣ ባጃጁ ላይ ተፅፏል ሱቁ በር ላይ ተለጥፏል። ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ቅር አይበልህ። እነዛ እቃ ሚጭኑልህ ልጆች ደሞዛቸውን በቀኑ ያገኛሉ? እዛው ዘዳግም 24 ላይ የቀን ሠራተኛን ደሞዝ ፀሐይ ሳይገባ ስጠው፣ ድሃ ነው ነፍሱን እሱ ላይ ነው የጣለው ይላል።

እኔ ፃድቅ ሆኜ አይደለም ምነግርህ። 6 ዓመት ልጅ አጥቼ ያልተንበረከኩበት ደጅ የለም። ሰጠኝ፣ ወንድ ልጅ። ከዛ 8 ወር ሙሉ ቅዳሴ አልሄድኩም፣ ምክንያቴ ምን መሰለህ፣ ልጁ። ይበርደዋል፣ ያለቅሳል፣ እንቅልፉ ይበላሻል። የለመንኩትን ነገር ከለመንኩት አምላክ መሸሻ አደረኩት። አንድ ቀን ባለቤቴ ነው «ይሄ ልጅ ከየት መጣና ነው እዛ ማይሄደው» ያለኝ።

ሀሳብ ብቻ፦

ሁላችሁም ስለ ሀብት ምታወሩት ትንሽ ከበደኝ። በዚህ ኑሮ ውድነት ሠርቶ ያገኘ ሰው እንደጥፋተኛ መታየት የለበትም። ማጣትም እኮ ያስረሳል። አባቴ ድሃ ሆኖ ነው የሞተው፣ እድሜውን ሙሉ በምሬት፣ አንድ ቀን ቤተክርስቲያን ደጅ ሲሳለም አላየሁትም፣ «እሱ እኔን መች አሰበኝና» ነበር ሚለው። ችግር ሰውን ሁሉ ያንበረክካል ምትሉት እውነት አይደለም፣ እኔ ቤት ውስጥ አይቼዋለሁ።

ኢዮብን እዩት፣ 7000 በግ 3000 ግመል ነበረው ይላል፣ ያን ሁሉ ይዞ ልጆቹ ድግስ ባደረጉ ቁጥር ምናልባት በድለው ይሆናል ብሎ በማለዳ ተነስቶ ለየአንዳንዳቸው መሥዋዕት ያቀርብ ነበር፣ ገና ምንም መከራ ሳይመጣበት። ስለዚህ ይቻላል። መፅሐፈ ምሳሌ 30 ላይ ያለችው ፀሎት ናት ለኔ ልክ፣ ድህነትንም ባለጠግነትንም አትስጠኝ ሚለው። ምክንያቱን ሲናገር ሁለቱንም ነው ሚፈራው፣ ጠግቤ እግዚአብሔር ማነው ብዬ እንዳልክድ፣ ደህይቼም እንዳልሰርቅ የአምላኬንም ስም በከንቱ እንዳልጠራ። ባለሱቁ ወንድሜ ሱቅህን ጠልተህ እንዳትመለስ ነው ምልህ።

የጀልባው ሰው፦

ሰላም ለሁላችሁም። እኔ ሙስሊም ነኝ ግን ጥያቄው የሁላችንም ስለሆነ ልግባበት።

ጣና ላይ 22 ዓመት ጀልባ ነድቻለሁ፣ ሰው እመላልሳለሁ። ጠዋት ውሃው እንደ መስታወት ነው፣ ከሰዓት ነው ንፋሱ ሚነሳው፣ ሰው ይሄን እያወቀም ገበያ ያመሸዋል። አንዴ ከዘጌ ስንመለስ መሀል ላይ ያዘን። ማዕበሉ ከጎን እየመታ ውሃ እየገባ፣ ሞተሩ ሁለቴ ጠፋብኝ። ረዳቴ በጀሪካን ቁራጭ ውሃ ይቀዳል። ሴትየዋ ያ ኪዳነምህረት ትላለች፣ ወጣቱ ስልኩን ጥሎ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጁ ይዟል፣ አንድ ነጋዴ ነበር ወደ አላህ እየጮኸ ከዚህ ካወጣኸኝ ከእንግዲህ የሰው ሀቅ አልነካም ይላል፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት፣ እኔም ሸሃዳዬን እያልኩ ነበር። አላህ አወጣን። እግራችን ወደቡ ላይ እንዳረፈ፣ ልብሳችን ገና ውሃው እየተንጠባጠበ፣ ያ ነጋዴ ለጭነቱ የተስማማነውን አልከፍልም ብሎ ተጣላኝ። በብሩ አይደለም ያዘንኩት ወላሂ። ውሃው ገና ፀጉሩ ላይ ነበር እኮ።

ቤት ገብቼ ሱረቱ ዩኑስን አነበብኩ፣ 22 እና 23ኛው አንቀፅ። መርከብ ላይ ሆነው መልካም ንፋስ ሲነዳቸው ይደሰታሉ፣ ከዛ ብርቱ ንፋስ ይመጣል ማዕበሉ ከየቦታው ይከባቸዋል፣ ያኔ ሃይማኖታቸውን ለአላህ ብቻ አጥርተው ከዚህ ብታድነን ከአመስጋኞች እንሆናለን ይላሉ፣ ባዳናቸው ጊዜ ግን ወዲያው ምድር ላይ ያለ አግባብ ወሰን ያልፋሉ። ወዲያው ነው ሚለው፣ ከዓመት በኋላ አይደለም። ስለ ነጋዴው ብዬ ነበር የከፈትኩት፣ ሳነበው ግን የራሴን አሰብኩ፣ ያን ቀን መግሪብ ከሱ ጋ ስጨቃጨቅ አልፎኛል።

ባለሱቁ ስለ ጨረታህ ስታወራ ደሞ ቃሩን ትዝ አለኝ፣ ቁርአን ላይ ያለው ሀብታም፣ ከሙሳ ሕዝብ የሆነው። የመጋዘኑን ቁልፍ እንኳ ጉልበተኛ ሰዎች ተሰብስበው ነው ሚሸከሙት። ሰዎቹ አላህ መልካም እንደዋለልህ መልካም ዋል ሲሉት «እኔ ይሄን ያገኘሁት ባለኝ እውቀት ነው» አለ። እሱንም ቤቱንም መሬት ዋጠችው። እህታችን ከሽምብጥ ያመጣችው ምዕራፍ ላይም ይሄው ነገር እንዳለ ክርስቲያን ጎረቤቴ አሳይቶኛል፣ ጉልበቴና የእጄ ብርታት ይህን ሀብት አመጣልኝ እንዳትል ሚለው። አንተ እንደሱ ብለህ ባትፅፍም መስቀሉ የነበረበት ቦታ ባዶ ሲሆን ያንን እየፃፍክ ነበር፣ ስለጨከንኩ ይቅርታ።

ባለሱቁ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ምንም አልጨከኑም፣ እውነት ነው።

እህቴ ስለ ደሞዝ ያልሽው እንቅልፍ ነሳኝ። አንድ ልጅ አለ፣ ወዛደር ነው፣ የ2 ሳምንት ሂሳቡን ይዤበታለሁ። ብር አጥቼ አይደለም፣ እቃ ላስገባበት ብዬ ነው። ልጁ ሁለቴ መጥቶ ቆሞ ሄደ፣ ምንም አላለም፣ ባርኔጣውን እያሻሸ ቆሞ ሄደ። ሸራ ዘርግቼ ስሸጥ እኔም እንደዛ ሰው በር ላይ ቆሜ አውቃለሁ፣ የቀረልኝን 40 ብር ለመጠየቅ። ያንን ነው የረሳሁት። ዛሬ ጠዋት ጠርቼ ከፍዬው ይቅርታ ጠየኩት፣ «ኧረ ችግር የለም አለቃ» አለኝና አይኑ ግን እንባ ሞላ። የያዝኩት ብር እሱ ቤት ምን እንደነበር አሁንም አላውቅም።

ስለቱን ግን ማንም አልመለሰልኝም። በእጥፍ ላግባው?

የድጓ ተማሪ፦

ወንድሜ በእጥፍ ማግባቱን አልከለክልህም፣ ነገር ግን በምን ልብ ነው የሚለውን አስቀድም።

ስእለት የተሳለ አይዘግይ፣ ይህ ግልፅ ነው። ዘዳግም 23 ላይ ለመክፈል አትዘግይ፣ ኃጢአት ይሆንብሃል ይላል፣ አለመሳል ግን ኃጢአት የለበትም ይላል። መክብብም ተስለህ ከማትከፍል ባትሳል ይሻላል ይላል። ስለዚህ ክፈል። ግን ሳኦልን አስብ። አማሌቅን መትቶ ሲመለስ እግዚአብሔር አትንካ ያለውን ሰባውን በግና በሬ አስቀረ፣ ሳሙኤል ሲመጣ ይህ የምሰማው የበግ ጩኸት ምንድነው አለው። ሳኦል ምን መለሰ? ለእግዚአብሔር ልንሠዋው ነው አለ። ሳሙኤልም መታዘዝ ከመሥዋዕት ይበልጣል ብሎ መለሰለት። ለጥላና ምንጣፍ በእጥፍ እየከፈልክ እሁድ እቃ ማራገፉን ከቀጠልክ ያ የበግ ጩኸት ከሱቅህ ይሰማል።

ሌላ ደግሞ፣ አንተ ያየኸው የመስቀል ማነስ በንጉሥ ዖዝያን ታሪክ ውስጥ አለ። በ16 ዓመቱ ነገሠ፣ 52 ዓመት ገዛ። እግዚአብሔርን በፈለገ ዘመን አከናወነለት። በምድረ በዳ ግንብ ሠራ፣ ብዙ ጉድጓድ ማሰ፣ እርሻ የሚወድ ሰው ነበር ይላል መፅሐፉ፣ እኔ ይህችን ቃል እወዳታለሁ፣ እኛ ገበሬ ያሳደገን ነንና። በኢየሩሳሌም ግንብ ላይ ፍላፃና ድንጋይ የሚወረውር መሣሪያ አስተከለ። እስኪበረታ ድረስም በድንቅ ታገዘ ይላል። ወዲያው ቀጥሎ በበረታ ጊዜ ግን ልቡ ለጥፋት ታበየ ይላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው። ከዚያ ለካህናት ብቻ የተፈቀደውን ዕጣን ሊያጥን ቤተ መቅደስ ገባ፣ ካህኑ ዓዛርያስ ከ80 ካህናት ጋር ተከትሎ ገብቶ ይህ ላንተ አይገባም ሲለው ተቆጣ፣ ጥናውን እንደያዘ ለምፅ በግንባሩ ወጣበት። እስኪሞት ድረስ በተለየ ቤት ተቀመጠ። ልብ በል፣ የጠፋው ወደ ጣዖት ሄዶ አይደለም፣ ቤተ መቅደስ ውስጥ ነው፣ ዕጣን ይዞ። ሁሉ የተሳካለት ሰው እግዚአብሔርንም በራሱ ፈቃድ ላገልግለው ይላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ለንስሐ አባትህ ደውል፣ ስብሰባ ላይ ነኝ ያልካቸውን እውነቱን ንገራቸው። ጥላውን በእጥፍም ሆነ በአንድ እሳቸው ይወስኑልህ፣ አንተ አትወስን። መታዘዝ ከዚያ ይጀምር።

የዘጌ ልጅ፦

መሪጌታ ቃለ ህይወት ያሰማልን።

እኔ ተወልጄ ያደኩት ዘጌ ነው። እኛ ጋ አባቶች ሚያወሩት አለ፣ አቡነ በትረ ማርያም አገሩን ሲያቀኑ ሕዝቡ መሬቱን እንዳያርስ ከብትም እንዳያረባ ታዝዟል፣ በምትኩ ቡናና ጌሾው ይበቃችኋል ተብሏል። አያቴ በሬ ጠምዶ አያውቅም፣ ማዶ ያለው ሰው ጤፍ ሲያጭድ እያየ እኛ ቡና ለቅመን ሸጠን ጤፉን እንገዛለን። ልጅ ሆኜ ይሄ ሁሉ መሬት እያለን ለምን ብዬ እበሳጭ ነበር። አሁን ባህርዳር ሆኜ ሳየው በሐይቁ ዙሪያ ጫካው ሁሉ ተመንጥሮ ዘጌ ከሩቅ ጥቁር አረንጓዴ ሆና ምትታየው በዛች ትእዛዝ ነው። ትርፉን አይቶ አይደለም ያ ሁሉ ትውልድ የጠበቃት፣ ብዙ ክረምት ተርቦባታል እኮ፣ ቡና ባልያዘ ዓመት። አንተ ያኔ ከጀልባ ወርደህ ወደ ኡራ ስትወጣ በዛ ጥላ ስር ነው የሄድከው።

ደሞ ስትመጣ ግድግዳው ላይ የበላዔ ሰብን ስዕል ፈልጋት። 78 ነፍስ የበላ ሰው በእመቤታችን ስም የሰጣት ጥርኝ ውሃ ሚዛን ስትደፋ ታያለህ። በየገፁ አናት የፃፍከው አልጠፋም ለማለት ነው።

ባለሱቁ፦

ለአባ ደወልኩ። እውነቱን ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና «እኔም ስብሰባው መቼ ያልቅ ይሆን እያልኩ ነበር» አሉኝ። ስለቱን እንደተሳልኩት አንድ ጥላ አንድ ምንጣፍ አግባ፣ እጥፍ ማድረግ የፈለክበትን ለወዛደሮቹ የእሁድ እረፍት ከደሞዝ ጋር አድርገው አሉኝ። ከዚህ እሁድ ጀምሮ ዘግተናል። ትላንት አንድ መኪና ሲሚንቶ ለእሁድ ካላራገፍክ ለሌላ ነው ምሰጠው ብሎኝ ሰጠው። ከበደኝ፣ አልዋሽም፣ ማታ ሂሳቡን ስሠራ ደጋግሜ ነው ያየሁት።

ጥላውና ምንጣፉ ተገዝቷል። እናቴም አብሬ ካልሄድኩ ብላለች። ጋሼ፣ ወር በገባ በ16 ለኪዳነምህረት ወደ ዘጌ ምትነሱት ስንት ሰዓት ነው?

የጀልባው ሰው፦

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ወደብ ላይ ሁን። ለእናትህ ከሞተሩ ራቅ ያለውን ፊተኛውን ወንበር እይዝላቸዋለሁ፣ ጋቢ ይልበሱ ጠዋት ውሃው ላይ ይበርዳል። ጥላው ረጅም ከሆነ በፕላስቲክ ጠቅልለህ አምጣው እንዳይረጥብ። ከ7 ሰዓት በፊት ግን መመለስ አለብን፣ ከዛ በኋላ ንፋስ ነው።